ኤልክ ያመጣው በሽታ፣ ባይሰን የከፈለው ዕዳ

በ1997 መጀመሪያ ወራት በአሜሪካ ከሚገኘው የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ወደ ሞንታና ግዛት የተሻገሩ ባይሰኖች፣ የአሜሪካ ሜዳዎች ጎሾች፣ በየመንገዱ ዳር ይተኮስባቸው፣ ወይም በበረት ተሰብስበው በጭነት መኪና ወደ ቄራ ይላኩ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የበረዶው ወቅት ሲያበቃ በዚህ መንገድ ያለቁት 1,084 ደርሰው ነበር፤ ከመንጋው ሲሶ ያህሉ ማለት ነው። የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ብሩሴሎሲስ የተባለው የከብት በሽታ ወደ ሞንታና ላሞች እንዳይዛመት። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ከዚያም በኋላ እስካሁን፣ በዱር የሚኖር የየሎውስቶን ባይሰን በሽታውን ለከብት ማስተላለፉ አንድ ጊዜ እንኳ በማስረጃ አልተረጋገጠም። ከዚያ ዘመን ወዲህ በአካባቢው የተያዙት መንጋዎች ምንጫቸው ሲጠና የተገኘው ሌላ እንስሳ ነው፤ ኤልክ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን።

በዚህ ጉዳይ የተሟገቱት ወገኖች ሁሉ የየራሳቸው እውነት አላቸው። የአርቢው ሥጋት የፈጠራ አይደለም፤ አንዲት የታመመች ላም የቤተሰቡን የዕድሜ ልክ ድካም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልታሳጣው ትችል ነበር። ፓርኩም ከመጥፋት አፋፍ የተመለሰን እንስሳ እንዲጠብቅ በሕግ ታዟል። ነገሩን ያበላሸው በመካከላቸው የቆመው ሥርዓት ነው። ያ ሥርዓት በሽታውን ተከትሎ መሄድ ሲገባው፣ በቀላሉ የሚያዘውን እንስሳ ተከትሎ ሄደ። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ከበሽታው ከራሱ መጀመር ያስፈልጋል።

በሽታው እንዴት ይሄዳል?

ብሩሴላ አቦርተስ የተባለው ባክቴሪያ ዋና ጥፋቱን የሚያደርሰው በማሕፀን ውስጥ ነው። የተያዘች ላም፣ የተያዘች ባይሰን ወይም ኤልክ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ፅንሷን በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሲሶ ላይ ትጥላለች። የተጣለው ፅንስ፣ የእንግዴ ልጁና አብሮት የሚፈሰው ውኃ በባክቴሪያው የተሞላ ነው። ሌላዋ እንስሳ በተፈጥሮ ጠባይዋ ቀርባ ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፤ በዚያው ትያዛለች። በትንፋሽ አይተላለፍም፤ አብሮ በመጋጥ ወይም አንድ ጅረት በመጠጣት ብቻም የሚዛመት በሽታ አይደለም። ከዚህም የተነሣ ወንዶቹ በማስተላለፍ በኩል ያላቸው ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው። በ1997ም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ቄራ ከተላኩት ባይሰኖች ውስጥ ግን ኮርማዎችም ነበሩ።

የአደጋው ጊዜም የተወሰነ ነው። በየሎውስቶን አካባቢ ፅንስ መጣልና መውለድ የሚበዛው ከየካቲት እስከ ሰኔ መጀመሪያ ባሉት ወራት ነው። በብርድ ጊዜ ጥላ ሥር የወደቀ ፅንስ ላይ ባክቴሪያው እስከ 80 ቀን ገደማ ሊቆይ እንደሚችል በመስክ ጥናት ታይቷል፤ ፀሐይና ሙቀት ሲመጡ ግን ፈጥኖ ይሞታል። ከዚያም በላይ ቁራው፣ ንስሩ፣ ቀበሮውና ኮዮቲው የወደቀውን ፅንስ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ አጽድተው ይበሉታል። የሞንታና አርቢዎች ደግሞ ላሞቻቸውን ወደ ተራራው የደን ግጦሽ የሚያወጡት በአብዛኛው ከሰኔ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ባይሰን ከከብት ጋር በአንድ ቦታ፣ በአደገኛው ሰዓት እንዳይገናኝ ማድረግ የቦታና የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ይህ እውቀት አዲስ አይደለም፤ የ1998ቱ የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት ጥናትም ስለ አደጋው መጠን በሰፊው ተናግሮበታል።

ሰውም ይታመማል። ያልተፈላ ወተት በመጠጣት፣ ወይም የታመመ እንስሳ ሲወልድ ወይም ሲታረድ በባዶ እጅ በመንካት የሚገባው ብሩሴሎሲስ እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ወራት የሚዘልቅ ድካም ያስከትላል። በእኛም አገር ጥሬ ወተት በሚጠጣባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች የሚታወቅ በሽታ ነው። በአሜሪካ ሰውን ያዳነው በዋናነት ወተትን በሙቀት ማከም ሲሆን፣ ከብቱን ያዳነው ደግሞ በ1934 የተጀመረው ብሔራዊ ዘመቻ ነው። ደም ይመረመራል፤ የተገኘባት ትታረዳለች፤ ጊደሮች ይከተባሉ። ዘመቻው ሲጀመር ከተመረመሩት አዋቂ ከብቶች ከ10 በመቶ በላይ ምልክቱ ነበረባቸው። በ2008 መጀመሪያ ላይ 50ዎቹም ግዛቶች በአንድ ጊዜ ከበሽታው ነፃ ተባሉ፤ ዘመቻው በተጀመረ በ74ኛው ዓመት መሆኑ ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነፃ መባል ማለት ገንዘብ ማለት ነበር። ነፃ የሆነ ግዛት አርቢ ጊደሮቹን ያለ ተጨማሪ ምርመራ ለሌላ ግዛት ገዢ ይሸጣል። በቀድሞው ደንብ መሠረት በአንድ መንጋ ውስጥ በሽታው ከተገኘ መንጋው ሙሉ በሙሉ ይታረዳል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ መንጋ ከተገኘ ግዛቱ በሙሉ ደረጃውን ያጣል። ከየሎውስቶን 500 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር፣ ባይሰን ዓይቶ የማያውቅ አርቢ ሳይቀር ዕዳው ይደርስበታል። የዚህን ዓይነት ደንብ ክብደት ኢትዮጵያዊ የቁም ከብት ነጋዴ በደንብ ያውቀዋል፤ በ2000 በሪፍት ቫሊ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን ከብት ስታግድ፣ በሽታው ያልታየበት አካባቢ ሁሉ አብሮ ተዘግቶበት ነበር። የሞንታናው አርቢ ባይሰን ከፓርኩ ሲወጣ ባየ ቁጥር ልቡ የሚሸበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁለት ደርዘን ወደ አምስት ሺህ

ባይሰን በአህጉሩ ላይ 30 ሚሊዮን ወይም ከዚያ በላይ እንደነበር ይገመታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጨርሶ ሊጠፋ ሲል፣ በየሎውስቶን ፔሊካን ሸለቆ ውስጥ ሁለት ደርዘን ያህል ቀርተው ነበር። በ1902 ከግል አርቢዎች 21 ባይሰኖች ተገዝተው መጡ፤ በላማር ሸለቆ በተሠራ ጣቢያ እንደ ከብት ድርቆሽ እየበሉ ተባዙ። በ1917 ብሩሴሎሲስ በመካከላቸው ተገኘ። በሽታው በአሜሪካ ምድር ጥንት አልነበረም፤ ከአውሮፓ ከብት ጋር የመጣ ነው፤ ወደ ባይሰኑም የገባው ከከብት እንደሆነ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። በ1930 ደግሞ በዋዮሚንግ ግዛት ጃክሰን ሸለቆ በኤልክ ላይ ታየ። ዛሬ የዱር እንስሳው ለከብቱ ሥጋት ነው ሲባል፣ መጀመሪያ በሽታውን ያሻገረው ከብቱ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ፓርኩ ለረጅም ጊዜ የባይሰኑን ቁጥር ራሱ እየገደለ ይቀንስ ነበር። በ1967 ከ400 በታች ወርደው ነበር። ያ አሠራር ሲቆም መንጋው አደገ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ3,500 አለፈ። የየሎውስቶን ድንበር በ1872 ሲሰመር ፍል ውኃዎቹንና ፏፏቴዎቹን ለማካተት እንጂ እንስሳው በበረዶ ጊዜ የት እንደሚሄድ ታስቦ አልነበረም። ፓርኩ ደጋ ነው፤ አብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በረዶው ሲከብድና ላዩ ሲጠጥር ባይሰን በጭንቅላቱ ጠርጎ ሣሩን ማግኘት ይሳነዋል። ያኔ ወንዙን ይዞ ይወርዳል፤ በሰሜን ወደ ጋርዲነር፣ በምዕራብ ወደ ዌስት የሎውስቶን ከተማ አካባቢ። እዚያ የሚጠብቀው ሞንታና ነው።

በ1988 የፓርኩን ሰፊ ክፍል እሳት ከበላው በኋላ በመጣው በረዶ 569 ባይሰኖች ድንበር እንደተሻገሩ በአዳኞች ተገደሉ። ሕዝብ በቴሌቪዥን ያየው ትዕይንት ቁጣ ቀሰቀሰ፤ በ1991 የሞንታና ምክር ቤት ባይሰን ማደንን አስቀረ። ሞታቸው ግን አልቀረም፤ ገዳዩ ተለወጠ እንጂ። በ1995 ግዛቱ ከፓርኩ የሚወጡ ባይሰኖችን ጉዳይ ለቁም እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሰጠ። በዚያው ዓመት የብሔራዊ ፓርኮችን አገልግሎት ከሰሰ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2000 መጨረሻ በሽምግልና ተዘጋ፤ የፓርኩ አገልግሎት፣ የደን አገልግሎት፣ የግብርና ሚኒስቴሩ የእንስሳት ጤና ክፍልና ሁለት የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች የጋራ የባይሰን አስተዳደር ዕቅድ ፈረሙ። 3,000 ያህል ባይሰን ለመንጋው መለኪያ ሆነ። ከድንበር የወጡት በፈረስ፣ በበረዶ ሞተርና በሄሊኮፕተር ተነድተው እስከ ግንቦት አጋማሽ ገደማ ወደ ፓርኩ ይመለሱ፤ እምቢ ያሉት ወይም ከመጠን ያለፉት ይያዙና ወደ ቄራ ይሂዱ ተባለ። በ2007 እና 2008 መካከል በነበረው የበረዶ ወቅት ከ1,600 በላይ ተወገዱ። የፌዴራል መንግሥቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2008 ባወጣው ሪፖርት ዕቅዱ ግልጽና የሚለካ ግብ እንደሌለው ተችቷል።

ለምን ባይሰን ብቻ?

መጀመሪያ የሚታየው መልስ የደም ምርመራ ነው። ከአዋቂ ሴት ባይሰኖች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በደማቸው ውስጥ የብሩሴላ ምልክት ይገኛል። ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ ለክርክርም ያመቻል። ነገር ግን ምልክቱ እንስሳዋ አንድ ጊዜ ከባክቴሪያው ጋር መገናኘቷን ነው የሚናገረው፤ ብዙዎቹ በሽታውን ተቋቁመው አልፈዋል፤ ፅንስም የማይጥሉ ናቸው። ምልክት ያለባትን ሁሉ ማረድ አንዳንዴ በሽታውን የምትቋቋመዋን መርጦ ማስወገድ ይሆናል።

ሁለተኛው መልስ ጠባይ ነው። ባይሰን በመንጋ ይሄዳል፤ መንገድና ወንዝ ይዞ ይወጣል፤ በቀን ይታያል፤ በረት ውስጥ ይገባል። በጋርዲነር አጠገብ በስቲቨንስ ክሪክ የተሠራው ማጎሪያ የተሳካው በዚህ ነው። ኤልክ በሌሊት ይወርዳል፣ አጥር ይዘላል፣ ጎህ ሳይቀድ ጫካው ውስጥ ይገባል። በታላቁ የሎውስቶን አካባቢ ያለው ኤልክ ደግሞ ከ100,000 በላይ ነው። በፈረስ ነድቶ ወደ ፓርክ መመለስ የሚባለው ነገር በእርሱ ላይ አይሠራም።

ሦስተኛው መልስ ግን፣ እኔ ከሁሉ የሚበልጥ ክብደት የምሰጠው፣ ባለቤትነት ነው። ኤልክ ሞንታና ውስጥም ሆነ ዋዮሚንግ ውስጥ ብዙ ጌታ አለው። የአደን ፈቃድ ገቢው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶቹን ያኖራል፤ አዳኝ አስጎብኚው፣ ሆቴሉና የጥይት ሱቁ ከእርሱ ይበላሉ፤ አርቢው ራሱ በመከር ወራት ኤልክ አዳኝ ነው። አንድ የግዛት ምክር ቤት አባል ኤልክ ወደ ቄራ ይላክ ብሎ ቢነሣ በመጪው ምርጫ አይመለስም። ባይሰን ግን በግዛቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠበቃ አልነበረውም። የሚሟገቱለት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ከሩቅ ከተማ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ለአንድ በሽታ ሁለት ሕግ የወጣው በዚህ ነው። ባይሰን በቁም እንስሳት መሥሪያ ቤት ሥር እንደ በሽታ ተቆጠረ፤ ኤልክ በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሥር እንደ ሀብት።

በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ያወጡት ጥናት ክርክሩን በማስረጃ በኩል ዘግቶታል። ከ1998 ወዲህ በዋዮሚንግ፣ በሞንታናና በአይዳሆ 22 የከብት መንጋዎችና 5 በግል የሚረቡ የባይሰን መንጋዎች በበሽታው ተይዘዋል። ማስረጃው ሁሉ የሚያመለክተው ኤልክን ነው። የባክቴሪያውን ዘረ-መል በማነጻጸር በ2016 የታተመ ሥራም በሽታው በአካባቢው ከአንድ ጊዜ በላይ እንደገባና አሁን ወደ ሩቅ ሸለቆዎች የሚያሰራጨው ኤልክ እንደሆነ አሳይቷል። የአካዳሚዎቹ ጥናት ጥረቱ ከባይሰን ይልቅ ወደ ኤልክ እንዲዞር በግልጽ መክሯል።

የድርቆሹ ነገር

ወደ ዋዮሚንግ እንሂድ፤ የዚህ ጉዳይ ሥር ያለው እዚያ ይመስለኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጃክሰን ሸለቆ ኤልክ ቀድሞ በበረዶ ወራት የሚወርድበት ቆላ በእርሻና በአጥር ተያዘ። የተራበው ኤልክ በአርቢው የድርቆሽ ክምር ላይ ወረደ፤ በከባድ በረዶ ዓመታትም በሺዎች አለቀ። በ1912 ብሔራዊ የኤልክ መጠለያ ተቋቋመ፤ ግዛቱም ከዚያ በኋላ በየሸለቆው 22 የመመገቢያ ጣቢያዎችን ከፈተ። በየዓመቱ በረዶ ሲወርድ ድርቆሽ በመስመር ይዘረጋል፤ በሺዎች የሚቆጠር ኤልክ በዚያ መስመር ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል።

ጣቢያዎቹ የተከፈቱት በቅን ልብ ነው፤ እስካሁንም የሚደገፉት በአርቢዎቹ ነው። ምክንያቱም ኤልኩ ድርቆሽ እየበላ ከቆየ ከላሞቹ ተለይቶ ይውላል። ነገር ግን ፅንስ የሚጣልበት ጊዜና ድርቆሽ የሚዘረጋበት ጊዜ አንድ ነው። በዱር ያለች ኤልክ የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ከመንጋው ተለይታ ትሸሸጋለች፤ በጣቢያው ግን በሺህ ሌሎች መካከል፣ ሁሉም አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ በሚበላበት ቦታ ፅንሷን ትጥላለች። ለብሩሴላ ከዚህ የሚመች ሥፍራ ማዘጋጀት ያስቸግራል። በጣቢያዎቹ ካለው ኤልክ ከ20 በመቶ በላይ የበሽታው ምልክት ሲገኝበት፣ ከጣቢያ ርቀው በሚኖሩ መንጋዎች ላይ ግን ለብዙ ዘመን ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር። በሽታውን ከከብቱ ለማራቅ የሚደረገው ሥራ ራሱ በሽታውን በሕይወት የሚያኖር ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔ አልተሞከረም ማለት አይደለም። ከ1985 ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ስትሬን 19 የተባለው ክትባት በጠመንጃ በሚተኮስ ቅንጣት ለኤልክ ተሰጠ፤ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። በማዲ ክሪክ ጣቢያ ከ2006 እስከ 2010 የተያዙት እየተመረመሩ ምልክት ያለባቸው ሴቶች ታረዱ፤ የበሽታው መጠን ከ37 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ውጤቱ እውነተኛ ነው። የሙከራው ዋጋ ግን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ22ቱም ላይ በየዓመቱ እንዲህ ማድረግን አዳኙም ግብር ከፋዩም አይቀበለውም። አዲስ ክትባት ማዘጋጀትም ከባድ ሆኖ ቆይቷል። ብሩሴላ አቦርተስ ለባዮሎጂያዊ ጥቃት ሊውሉ ይችላሉ በተባሉ ተሕዋስያን ዝርዝር ውስጥ ስለገባ፣ በትልልቅ እንስሳት ላይ የሚደረግ ምርምር ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በጥብቅ የተዘጋ ቦታ ካልሆነ በቀር የማይቻል ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ለጣቢያዎቹ ተቃዋሚዎችም የምለው አለኝ። ጣቢያዎቹ ዛሬ ቢዘጉ በሽታው አይጠፋም። ድርቆሽ በማይዘረጋባቸው የሞንታናና የሰሜን ዋዮሚንግ ሸለቆዎችም በኤልክ ላይ የበሽታው ምልክት እየጨመረ መጥቷል። አንዱ ምክንያት መሬቱ እጅ መቀያየሩ ነው። ቀድሞ የአርቢ የነበረ ሰፊ መሬት አደን የማይፈቅድ ባለሀብት ሲገዛው፣ ኤልኩ ጥይት የማይሰማበትን ሸለቆ አውቆ በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም በሺህ እየሆነ ይሰበሰባል። ድርቆሽ ባይኖርም መጨናነቁ ያው ነው።

አርቢውን ያዳነው ምንድን ነው?

የጣቢያዎቹ ውጤት በ2003 መጨረሻ በከብቱ ላይ ታየ። በማዲ ክሪክ ጣቢያ አቅራቢያ ባለ መንጋ ላይ ብሩሴሎሲስ ተገኘ፤ ሌላም ተከተለ፤ ዋዮሚንግ በ2004 ነፃነቷን አጣች። በ2006 አይዳሆ ተከተለች። በሞንታና በ2007 አንድ መንጋ፣ በ2008 በፓራዳይዝ ሸለቆ ሌላ ተገኘና፣ 50ዎቹ ግዛቶች ሁሉ ነፃ ተብለው ዓመት ሳይሞላ ሞንታና ከዝርዝሩ ወጣች። በሦስቱም ግዛቶች የተጠረጠረው ኤልክ ነው። እነዚህ ሁሉ የሆኑት ሞንታና ባይሰንን በየዓመቱ እያሳደደች፣ እየያዘችና እያረደች ባለችበት ዘመን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ለውጡ የመጣው በ2010 ነው። የፌዴራሉ የእንስሳት ጤና ክፍል ደንቡን አሻሻለ። አንድ መንጋ ስለተያዘ ግዛቱ በሙሉ ደረጃውን የሚያጣበት አሠራር ቀረ፤ የተያዘውን መንጋ ሙሉ በሙሉ ማረድም ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ በኳራንቲን ተይዞ በተደጋጋሚ እየተመረመረ ምልክት ያለባት ብቻ ትወጣለች። በምትኩ በየሎውስቶን ዙሪያ ልዩ የክትትል ክልል ተከለለ፤ በሞንታና በኩል የፓርክ፣ የጋላቲን፣ የማዲሰንና የቢቨርሄድ አውራጃዎች ክፍሎች ናቸው። በዚያ ክልል ያለ አርቢ ሴት ከብቱን ያስከትባል፣ በጆሮ ምልክት ያስመዘግባል፣ ከመሸጡ በፊት ያስመረምራል። በሩቅ ያለው አርቢ ነፃ ነው።

ይህ የቢሮ ወረቀት ለውጥ ከ1985 ወዲህ ከተገደሉት ባይሰኖች ሁሉ ይልቅ የሞንታናን አርቢ ጠብቋል ብዬ በሙሉ ልብ እጽፋለሁ። አደጋውን ባለበት ቦታ ወሰነው፤ ቅጣቱንም ከአደጋው ጋር አመጣጠነው። ከዚያ በኋላ በክልሉ ውስጥ በርካታ መንጋዎች ተይዘዋል፤ በሽታው ግን በጊዜ እየተገኘ ከክልሉ ሳይወጣ ቀርቷል፤ የአንድም ግዛት ንግድ አልተዘጋም። ሸክሙ ግን በክልሉ ውስጥ ባለው ቤተሰብ ትከሻ ላይ ቀርቷል። ከብቱ በኳራንቲን ሲያዝ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ መሸጥ አይችልም፤ ድርቆሽ መግዛት አለበት፤ ያስለመዳቸውን ገዢዎች ያጣል። ኤልክ የሕዝብ ሀብት ነው ከተባለ ኤልኩ የሚያደርሰው ጉዳትም የሕዝብ ዕዳ መሆን አለበት። በፓራዳይዝ ሸለቆ ለኤልክ መሬቱን ለሚተው አርቢ የሚከፍልና ለተያዘ መንጋ የካሳ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሙከራ በግል ድርጅቶች ተጀምሯል። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አቅጣጫው ትክክል ነው።

ባይሰኑ አሁን

የባይሰኑም ጉዳይ በአንድ ቦታ አልቆመም። ሆርስ ቢዩት በተባለው፣ ከብት በማይሰማራበት የምዕራብ መሬት ባይሰን ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይ የሞንታናው ገዥ ስቲቭ ቡሎክ በ2015 መጨረሻ ወሰነ። ለዓመታት ሄሊኮፕተር ሲያስወጣቸው ከነበረበት መሬት ላይ እናቶች ጥጆቻቸውን ይዘው መቅረት ቻሉ። ከብት አልታመመም። ይህ ውሳኔ ከ10 ዓመት በፊት መወሰን ይቻል ነበር።

ነባር ሕዝቦቹም ወደ ጠረጴዛው መጥተዋል። ኔዝ ፐርስን የመሰሉ ሕዝቦች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ1855 በተፈራረሟቸው ውሎች የአደን መብታቸውን አስጠብቀው ነበር፤ ከ2006 ጀምሮ በየሎውስቶን ድንበር ላይ ባይሰን ማደን ዳግም ጀመሩ፤ በ2009 በጋራ ዕቅዱ ውስጥ ገቡ። ሌላው መንገድ ለይቶ ማቆየት ነው። የተያዘ ባይሰን ወደ ቄራ ከመላክ ይልቅ ተለይቶ ይቀመጣል፣ በተደጋጋሚ ይመረመራል፣ ነፃ መሆኑ ሲረጋገጥ ወደ ነባር ሕዝቦች መሬት ይላካል። በ2012 የመጀመሪያዎቹ ወደ ፎርት ፔክ፣ ወደ አሲኒቦይንና ሱ ሕዝቦች መሬት ደረሱ፤ ከ2019 ወዲህ ከ400 በላይ ባይሰኖች በዚህ መንገድ ተላልፈዋል። ይህ ሥራ በሽታውን ከእንስሳው መለየት እንደሚቻል በተግባር አሳይቷል። አቅሙ ግን ጠባብ ነው፤ በረቱ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ምርመራው ወራት፣ ለሴቶቹም ዓመታት ይወስዳል።

ጥበቱ የሚያመጣው ችግር በ2022 እና 2023 መካከል በነበረው ከባድ በረዶ ጊዜ ታየ። ከ1,500 በላይ ባይሰኖች ከመንጋው ተቀነሱ፤ ከ1,100 በላይ የሚሆኑት በአዳኞች ነው፤ አብዛኞቹ በጋርዲነር አቅራቢያ በምትገኝ ጠባብ ሥፍራ። ነባር ሕዝቦቹ የውል መብታቸውን መጠቀማቸውን አልቃወምም፤ የምቃወመው በሰፊ የደን መሬት መካከል ባይሰን ተበትኖ እንዲኖር ባለመፈቀዱ አደኑ በአንዲት በር ላይ መጨናነቁን ነው። ባይሰን በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ አጥቢ እንስሳ ተብሎ በሕግ ታውጇል፤ በሞንታና ግን ኤልክ በነፃነት የሚሄድበት የሕዝብ መሬት ለእርሱ ዛሬም ዝግ ነው።

በ2024 ሐምሌ ፓርኩ አዲስ የባይሰን ዕቅድ አጸደቀ፤ መንጋው በ3,500 እና በ6,000 መካከል እንዲሆን፣ ለይቶ ማቆየቱና የነባር ሕዝቦቹ አደን እንዲሰፋ፣ ወደ ቄራ መላክ እንዲቀንስ ይላል። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ሞንታና ፓርኩን እንደገና ከሰሰች። ከ1995ቱ ክስ 29 ዓመት በኋላ፣ 27 መንጋዎች ከኤልክ እንደተያዙ ከታወቀ በኋላ፣ ክርክሩ ዛሬም በባይሰን ቁጥር ላይ ነው።

በዚህ መካከል በዋዮሚንግ መመገቢያ ጣቢያዎች ላይ ሌላ አደጋ ደርሷል። የአጋዘን ዘሮችን የሚያከስም፣ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው የአንጎል በሽታ በቅርብ ዓመታት ወደ ጣቢያዎቹ ኤልክ ገብቷል። መንስኤው አፈር ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ስለሆነ፣ ድርቆሹ በየዓመቱ የሚዘረጋበት መስመር ራሱ የሚበክል መሬት ይሆናል። ግዛቱ በ2024 ስለ ጣቢያዎቹ የወደፊት አስተዳደር ዕቅድ አጽድቋል፤ አንድን ጣቢያ ለመዝጋት ግን ከአርቢው፣ ከአዳኙና ከፖለቲከኛው ጋር ረጅም ድርድር ይጠይቃል። ባይሰን ለማሳደድ በየዓመቱ የሚወጣው ገንዘብ አሁኑኑ መዋል ያለበት በዚህ ላይ ነው፤ ኤልኩ የሚወርድበትን ቆላ መሬት ከፈቃደኛ ባለይዞታዎች ለመከራየትና ለመግዛት፣ የአርቢውን ድርቆሽ በጠንካራ አጥር ለማጠር፣ ለተያዘ መንጋ ካሳ ለመክፈል። መሬቱ ቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ድርቆሹ የቆመ ዕለት የተራበው ኤልክ የሚወርደው ወደ አርቢው ክምርና ወደ እርጉዝ ላሞቹ ነው፤ በ1912 መጠለያውን፣ ኋላም ጣቢያዎቹን ያስከፈተው ችግር ይኸው ነበር።